የደም ዕዳና የመማፀኛ ከተማ፤ «ጥቁር የለበሰችው ሙሽራ» ከተባለው ፊልም የምንማረው



በቀል ከሩቅ ሲያዩት ፍርድ ይመስላል። የተበደለ ሰው እንባውን አብሶ ተነሥቶ በዳዩን ሲፈልግ፣ ፈልጎም ሲያገኘው ስናይ ልባችን አብሮት ይሄዳል፤ «ይበለው!» እንላለን። ይህን ጥናት ያዘጋጀነው በዚህች አጭር ቃል ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንድናስብ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው አንድ የፈረንሳይ ፊልም ነው፤ ፊልሙን በአንድነት ተቀምጠን ስናይ በራሳችን ላይ የታዘብነውንም ሳንደብቅ እንጽፋለን።

ፊልሙ «ጥቁር የለበሰችው ሙሽራ» ይባላል። በ1968 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ፍራንሷ ትሩፎ ሲሆን፣ ዡሊ ኮሌር የተባለችውን ሙሽራ ሆና የተጫወተችው ዣን ሞሮ ናት። ታሪኩ የተወሰደው አሜሪካዊው ኮርኔል ዉልሪች በ1940 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው በርናርድ ሄርማን ለአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልሞችም ሙዚቃ የሠራ ሰው ነው፤ ትሩፎም ራሱ የሂችኮክ አድናቂ ነበርና ፊልሙ ተመልካቹን ከወንበሩ የማያስነሣ ዓይነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዡሊ በሠርጓ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ከሙሽራዋ ጋር ደረጃው ላይ ሳለች፣ አንዲት ጥይት መጥታ ሙሽራውን ትጥለዋለች። ሐዘኑ ስለ ጠናባት ራስዋን በመስኮት ልትወረውር ስትል ትያዛለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለመኖር አንድ ምክንያት ታገኛለች። ይኸውም በዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው ቤት ውስጥ የነበሩትን አምስት ወንዶች አንድ በአንድ መግደል ነው። ስማቸውን በማስታወሻ ደብተር ጽፋ ትነሣለች። የመጀመሪያውን ከፎቅ ሰገነት ትገፋዋለች፤ ሁለተኛውን በመጠጥ ውስጥ መርዝ ታጠጣዋለች። አንዱ በሞተ ቁጥር ከደብተሩ አንድ ስም ይሰረዛል።

እኛም በዚህ ጊዜ ከእርስዋ ጋር ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ጮክ ብሎ «ሁለት!» ብሎ ቈጠረ፤ ሌሎቻችንም ሳቅን። ሰው ሲሞት እየቈጠርን መሳቃችንን ያስተዋልነው ግን ወደ ኋላ ነው።

ሳቁ የቆመው በሦስተኛው ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው ባለ ትዳርና የአንድ ትንሽ ልጅ አባት ነው። ዡሊ የልጁ አስተማሪ መስላ ወደ ቤቱ ትገባለች፤ ልጁን አስተኝታ አባቱን ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ዕቃ ቤት ትቈልፍበታለች። በዚያች ጨለማ ውስጥ ሆኖ እውነቱን ይነግራታል። አምስቱ ሰዎች ያገናኛቸው የአደንና የሴት ፍቅር ነበር እንጂ ሙሽራውን አያውቁትም። በዚያ ቀን የጐረሰ ጠመንጃ ይዘው ሲጫወቱ ባረቀባቸው፤ ደንግጠውም ሸሹ፤ ዳግመኛ ላለመገናኘት ተስማምተው ተለያዩ።

እንግዲህ የፊልሙ እምብርት ይህ ነው። ዡሊ ቃሉን ትሰማለች፤ በሩን ግን አትከፍትም። ክፍተቱን አሽጋ ሰውዬው አየር አጥቶ እንዲሞት ታደርጋለች። በኋላም በኑዛዜ ጊዜ ካህኑ ከመንገዷ እንድትመለስ ይመክራታል፤ አልተመለሰችም። አንዱን ሠዓሊ በቀስት ትገድለዋለች። የቀረውን አንዱን ፖሊስ ለሌላ ወንጀል አስሮባት ነበርና፣ እርሱ ወዳለበት ወኅኒ ለመግባት ስትል ሆን ብላ ትያዛለች፤ እዚያም ምግብ የምታድል መስላ በቢላዋ ትገድለዋለች። ደብተሩ አለቀ፤ የእርስዋም ሕይወት አብሮ አለቀ።

ይሁንና ዡሊን ክፉ ብቻ አድርገን ብናያት ከትምህርቱ እንርቃለን። ፖሊስ እውነተኛዋን አስተማሪ በሦስተኛው ሰው ሞት ጠርጥሮ በያዘ ጊዜ፣ ዡሊ ራስዋ ስልክ ደውላ የአስተማሪዋን ንጽሕና ታስረዳለች። ያለ ጥፋቷ የተያዘች ሴት እንዳትጎዳ የምታስብ ልብ ነበራት ማለት ነው። በቀል ይህን ልብ አላጠፋውም፤ ጆሮዋን ግን ዘጋው። በልብ ወለዱማ የባሰ ነው፤ የገደለቻቸው ሰዎች ከባልዋ ሞት ፈጽሞ ንጹሐን ሆነው ይገኛሉ።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንመለስ። ሳይፈልግ ሰው የገደለ ሰው ጉዳይ ለእግዚአብሔር ሕዝብም አዲስ ነገር አልነበረም። በዘዳግም ምዕራፍ 19 የተሰጠው ምሳሌ ይታወሰን፤ ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቈርጡ ዱር ይሄዳሉ፣ የአንዱ መጥረቢያ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። የሟቹ ባለ ደም ልቡ እየነደደ ያሳድደዋል። ለዚህ ሰው ሲባል ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለዩ፤ ከዮርዳኖስ ወዲህ ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን፣ ከዮርዳኖስ ማዶ ደግሞ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን ናቸው። ሆን ብሎ የገደለ ግን በእነርሱ መጠለል አይችልም ነበር።

ልብ እንበል፤ ይህ ሥርዓት ሁለቱንም ወገን የሚያዝዝ ነው። በኢያሱ ምዕራፍ 20 እንደምናነበው፣ የሸሸው ሰው በከተማው በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች መናገር አለበት። ባለ ደሙም ነገሩ ተሰምቶ እስኪፈረድ እጁን መሰብሰብ አለበት። በፊልሙ ውስጥ የጠፋው ይህ በር ነው። አምስቱ ሰዎች በበሩ አልቆሙም፤ ሸሽተው ዝም አሉ። ጥይቱ ሳይታሰብ ወጣ እንበል፤ ዝምታው ግን ታስቦበት የተደረገ ነው። ዡሊም በበኩልዋ ለመስማት አልጠበቀችም፤ በሰማችም ጊዜ ዘግይቶ ነበር።

በአገራችንም ደም መመለስ የሚባለው ልማድ ስንቱን ቤት ባዶ እንዳደረገ አባቶቻችን ያውቃሉ። ነገር ግን ያው ሕዝብ የዕርቅንም ሥርዓት ያውቃል። ሽማግሌዎች በሟችና በገዳይ ወገን መካከል ይገባሉ፤ በዳይ በደሉን ያምናል፤ ካሣ ይከፈላል፤ የተበደለውም ወገን ሐዘኑን በአደባባይ ይናገራል። ይህም የከተማው በር ዓይነት ነው።

ምናልባት «እኛ ማንን ገደልን?» የሚል ይኖራል። በዚያ ቀን ውይይታችን ሊያልቅ ሲል አንዲት እኅታችን እንዲህ አለች። «እኔም ደብተር አለኝ። በአንድ ቃል ምክንያት ከጓደኛዬ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ለምን እንደ ተናገረችው ግን አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም።» በሚቀጥለው ሳምንት ሄዳ ጠየቀቻት። ነገሩ በአንድ ቀን ባይፈታም፣ ሁለቱ ስለዚያ ቃል የያዙት ነገር ለየቅል እንደ ነበረ ተረዱ። አሁን ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

ይቅርታ ማድረግ በደሉን እንዳልተደረገ መቁጠር አይደለም። ሙሽራው ሞቷል፤ ሐዘኑም እውነት ነው። ላሜሕ ሰባ ሰባት እጥፍ በቀልን ሲፎክርበት፣ ጌታችን ጴጥሮስን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር እንዲል አስተማረው። ከአንዱ ቍጥር ወደ ሌላው ለመሻገር ግን የሚያስፈልገን የመጀመሪያው እርምጃ በሩን ከፍቶ መስማት ነው፤ በዳዮችም ብንሆን በበሩ ቆሞ መናገር ነው።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. ዡሊ የሦስተኛውን ሰው ቃል ከሰማች በኋላ ለምን አልቆመችም?
2. አምስቱ ሰዎች በዚያው ቀን ወጥተው እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?
3. በልባችን ደብተር የተጻፈ ስም አለን? የዚያን ሰው ቃል እስከ መጨረሻው ሰምተናልን?

ለመስማትም ለመናገርም እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።