አይጥ ጎተራ እንዳትገባ መንገዷን መዝጋት

ገበሬ ሆይ! አርሰህ፣ አርመህ፣ አጭደህና ወቅተህ ጎተራ ያስገባኸው እህል የልጆችህ ቀለብና የመጪው ዓመት ዘር ነው። አይጥ ከምትበላው ሌላ በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸውም ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰው አይጥን መግደል ብቻ ይበቃል ይላል። ይህ ስሕተት ነው። አይጥ ባረገዘች በ3 ሳምንት ያህል ብዙ ልጆች ትወልዳለች፤ ዛሬ አንዲቱ ብትሞት ነገ ሌላዋ በዚያው ቀዳዳ ትገባለች። ስለዚህ መንገዷን መዝጋት ያስፈልጋል። ሥራውም መከር ከመድረሱ በፊት፣ ጎተራው ባዶ ሳለ እንዲህ ይፈጸማል፦

1ኛ/ ጎተራውን ጠርገህ በውስጡ የቀሩትን አይጦች በወጥመድ ያዝ።

2ኛ/ ጎተራው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ይቁም፤ አይጥ ያን ያህል ዘልላ አትደርስም።

3ኛ/ በየእግሩ ላይ፣ ከጎተራው ወለል ዝቅ አድርገህ፣ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች የተዘረጋ ለስላሳ ቆርቆሮ ግጠም፤ እግሩንና ቆርቆሮውን የሚለይ ክፍተት አይኑር።

4ኛ/ ስንጥቁን ሁሉ በጭቃ ምረግ። ለትንሿ አይጥ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይበቃታል።

5ኛ/ እህል ካወጣህ በኋላ መሰላሉን አንሣ። ቁጥቋጦውን መንጥር፤ ማገዶና ጭድም አታስጠጋ።

መርዝ በእህልና በልጆች አጠገብ አታኑር። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዲሉ፣ አይጥ በበላችው ዶሮና ድመት እንዳይሞቱብህ ተጠንቀቅ።

የልማት ሠራተኛ ሆይ! አንዱን ጎተራ ከባለቤቱ ጋር ሠርተህ ለጎረቤቶቹ አሳይ። ገበሬውም በየሳምንቱ ዞሮ ይመልከት፤ አንድ ክፍት ቀዳዳ የቀረውን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋልና።