የታሪክን የመጀመሪያ ምንጭ ስለ መፈለግ

የታሪክ ምንጭ ሁለት ዓይነት መሆኑን ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። የመጀመሪያ ምንጭ የሚባለው ነገሩ በተፈጸመበት ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ፥ ውል፥ የርስት መዝገብ ወይም የዓይን ምስክር ቃል ነው። ሁለተኛ ምንጭ የሚባለው ደግሞ ሊቃውንት እነዚህን መርምረው ኋላ የጻፉት ነው። የምንማርባቸው መጻሕፍት ከሞላ ጐደል ሁለተኛ ምንጮች ናቸው።

የልዩነቱን ጥቅም ለመረዳት የውጫሌን ውል ማስታወስ ይበቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. የተፈረመው ይህ ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮጳ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ በአማርኛው ሲናገር፥ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው የጠቡን ምክንያት ሊረዳው አይችልም። ስለዚህ ዋናውን ጽሑፍ በተጻፈበት ቋንቋ ማየት ያስፈልጋል።

«እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተማሪ ከየት ያገኛል?» የሚል ይኖራል። ዛሬ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የጥንት ጽሑፎችን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት አኑረውልናል። እኔ ለታሪክ ጥናቴ የተጠቀምሁበት በአሜሪካ አገር፥ በሚኒሶታ፥ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በአገራችን ገዳማትና አድባራት የነበሩ 9,000 ያህል መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በዚያ ተቀምጧል። ከእነዚህ ብዙዎቹን መርምረው በካታሎግ ከመዘገቡት ሊቃውንት ዋናው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ።

አፈላለጉ እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፥ በነጻ መመዝገብ ነው። ሁለተኛ፥ የመጽሐፉን ወይም የቦታውን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ነው፤ ነገር ግን አጻጻፉ አንድ ስላልሆነ፥ ለምሳሌ «ሐይቅ» የሚለውን አንዱ በ«ኬ» ሌላው በ«ኪው» ስለሚጨርሰው፥ በየመልኩ መሞከር ይገባል። ሦስተኛ፥ የመጽሐፉ ቁጥር ከታወቀ ከስሙ ይልቅ በቁጥሩ መፈለግ ይሻላል፤ ቁጥር አይለዋወጥምና።

እኔም የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል የፈለግሁት በቁጥሩ በ1832 ነው። ይህ ወንጌል በ1273 ዓ. ም. አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ሲሆን፥ ለታሪክ ተማሪ እጅግ የሚጠቅመው ከወንጌሉ ቃል ሌላ በባዶ ገጾቹ ላይ የተጻፈው የገዳሙ ንብረትና የስጦታ ማስታወሻ ነው። በቀድሞ ዘመን ወንጌል የሚከበር መጽሐፍ ስለ ሆነ፥ እንዳይጠፋ የተፈለገ ጉዳይ በእርሱ ላይ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ካታሎጉ «ወንጌል» ቢልም ገጹን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል። ደግሞም መጽሐፉ በ1273 ስለ ተሰጠ ማስታወሻው ሁሉ የዚያን ጊዜ ነው ማለት አይደለም፤ የኋላ ሰው ሊጨምርበት ይችላል። የእጅ ጽሕፈቱን ማስተያየትና በውስጡ የተጠራውን ንጉሥ ወይም አበምኔት መመርመር ይገባል። ያገኘነውንም ከመጽሐፉ ቁጥርና ከቅጠሉ ፊትና ጀርባ ጋር ብንመዘግበው፥ ሌላው ሰው ተከትሎ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን ሌላ ነው። ፎቶግራፉ ከሩቅ አገር በጥቂት ደቂቃ ከፊታችን ይደርሳል፤ ግዕዝን ካላወቅን ግን የአባቶቻችን ጽሑፍ ተከፍቶ ሳለ ለእኛ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ማስታወሻውን ቃል በቃል ያስረዱኝ በሰፈራችን ያሉ አንድ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እርሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ያየሁት ፊደል ብቻ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ኮምፒዩተር መያዝን እንደ ተማርን ሁሉ ግዕዝንም ለመማር እንትጋ። ወላጆቻችንም በየቤታቸው በሣጥን ያለውን የቆየ ደብዳቤና የርስት ወረቀት ከእሳትና ከምስጥ እንዲጠብቁልን እንለምናለን፤ እርሱም የመጀመሪያ ምንጭ ነውና።