የሚጥል በሽታና አንጎላችን

በጉባኤ መካከል አንድ ሰው ድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ፥ ሕዝቡ ዙሪያውን ለቆ ሲሸሽ፥ አንዱም ክብሪት ጭሮ ሲያሸተው ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት በአንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላው የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሕዋሳቱ በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ይነጋገራሉ፤ ምልክቱ ከአንዱ ጫፍ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ወደ ኬሚካል ተለውጦ ክፍተቱን ይሻገርና ቀጣዩን ይቀሰቅሰዋል፥ ወይም ዝም ያሰኘዋል። ዝም ማሰኘቱ ከመቀስቀሱ አያንስም። መዘምራን ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉና ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲጮኹ ያለውን ልዩነት እናስብ። ዝም የሚያሰኘው ኃይል ሲደክም እጅግ ብዙ ሕዋሳት ባንድነት ምልክት ይለቃሉ፤ የተዛባው ትእዛዝ በኅብለ ሰረሰር ወርዶ ጡንቻዎችን ያንቀጠቅጣል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ በ1924 እ.ኤ.አ. ከመዘገበ ወዲህ ይህ ሁኔታ በወረቀት ላይ ተሥሎ ይታያል።

ምክንያቱ የራስ ጉዳት፥ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ችግር ወይም የአንጎል ቁስለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይታወቅም። ነገር ግን በአረፋውም ሆነ በመንካት አይጋባም። ምድጃ ላይ የወደቀውን «ይጋባብኛል» ብሎ አለማንሣት ግን ሰውን ያቃጥላል፤ ይህ ከበሽታው ይልቅ የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከእሳትና ከስለት እናርቀው፤ ከራሱ ሥር ነጠላ አጣጥፈን እናድርግ፤ በጎኑም እናስተኛው። እጅ እግሩን አንጫን፤ ማንኪያም አፉ ውስጥ አንክተት፥ ጥርስ ይሰብራልና። ክብሪቱ ምንም አይፈይድም። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በጥቂት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ይወስዳል! ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ በሽታ የዋለው ፌኖባርቢታል ያንኑ ዝም የሚያሰኘውን ኃይል ያበረታል፤ ዛሬም በአገራችን ይሰጣል። አንዳንድ ወንድሞች ጸበል ሲገቡ ክኒኑን በአንድ ቀን ይጥሉታል። አንጎሉ ልጓሙን በድንገት ሲያጣ መንቀጥቀጡ ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል፥ ሊገድልም ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ያከብራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ጸበል ለመጠመቅ መድኃኒት ማቋረጥ ግዴታ አይደለም። ክኒኑን በጸበሉ መዋጥም ይቻላል።