ከስድሳ በኋላስ?

የልጅ ልጅ ያየ ሰው ስለ ፍራሽ ጉዳይ ቢያነሳ በኛ ዘንድ «አያፍርም እንዴ?» ይባላል። ሸሪዓችን ግን ለባልና ሚስት መብት የዕድሜ ጣሪያ አላበጀም። የመዲና የአንሷር ሴቶች እንኳ ሐያእ ሳያግዳቸው ስለ ዲናቸው በመጠየቃቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አሞግሰዋቸዋል።

ዝምታው የኛ ብቻ አይደለም። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ታትሞ በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ65 እስከ 74 ዓመት ካሉት 53 በመቶው ግንኙነት ያደርጉ ነበር። ከ50 ዓመታቸው ወዲህ ጉዳዩን ለሐኪም ያነሱት ግን ከወንዶቹ 38፣ ከሴቶቹ 22 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ዝምታው ትዳር ይጎዳል። ሴት ካረጠች በኋላ ሆርሞኗ ስለሚቀንስ ብልቷ ይደርቃል፤ ግንኙነቱም ያማታል። ትሸሻለች። ባልም «ጠላችኝ» ብሎ ያኮርፋል። ነገሩ ግን በማለስለሻ ቅባት ወይም ሐኪም በሚያዘው የሆርሞን ክሬም የሚቃለል ነው። ስንቱ ቤት በዚህ ቀዝቅዟል!

የወንዱ ስንፈትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ እርጅና ብቻ አይደለም፤ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ ወይም የሚውጠው መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የደም ሥር መጥበብ ከሆነ ደግሞ የልብ ሕመም ቅድመ ምልክት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባዋል።

አንዳንዱ አባወራ ግን ሐኪም ከማየት ይልቅ ተደብቆ ቪያግራ ይገዛል። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን ወይም ሌላ ናይትሬት ለሚወስድ ሰው ይህ አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊገድለው ይችላል። ሚስትም የባሏን ኪኒኖች በስማቸው ብታውቅ አይከፋም።