ማደስ ይሻላል ወይስ ዐዲስ መሥራት?

ያረጀ ሱቅ ወይም መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይቀርብለታል። መልሱን ከመስጠቱ አስቀድሞ በትልልቅ ሥራዎች ላይ የታየውን ቢመለከት ይጠቅመዋል፤ ለዚህም የስታዲየም ሥራ ግልጽ ምሳሌ ይሆነናል።

የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ስፍራ ነው። በዙሪያው ያሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶችም ከተመልካቹ ብዛት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ዘመን ሲለወጥ ግን መለኪያውም ከፍ አለ። በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ ስላልተገኘ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ሰኔ 2 ቀን ግብፅን በባለሜዳነት የተቀበለው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር። ጨዋታውን 2 ለ 0 ቢያሸንፍም፣ ሆቴሉና ባለታክሲው ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ገበያ ከአገር ወጣ። አሮጌው ሳይታደስ ዐዲሱም ሳያልቅ የሚያልፈው ጊዜ ራሱ ወጪ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ያለው ፌንዌይ ፓርክ የተባለው የቤዝቦል ስታዲየም የተከፈተው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ነው። በ1999 የነበሩት ባለቤቶች እርሱን ትተው ዐዲስ ለመሥራት ዐቅደው ነበር፤ በ2002 የገዙት ግን ማደስን መረጡ። ሥራውንም ጨዋታ በማይኖርበት በብርዱ ወራት፣ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እያካሄዱ በዐሥር ዓመት ያህል ፈጸሙት፤ ወጪውም 285 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። በዚህ መንገድ ቡድኑ ከቤቱ ሳይወጣ ታደሰለት። በኒው ዮርክ ግን ያንኪ ስታዲየም ሲታደስ ቡድኑ 1974ንና 1975ን በሰው ሜዳ አሳለፈ።

ይህንኑ ሒሳብ ወደ ደምበጫ እናምጣው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘኑን ለማሳደስ 600,000 ብር፣ ዐዲስ ለማሠራት 1,500,000 ብር ተጠየቀ እንበል። ለማደስ አራት ወር ቢዘጋውና በየወሩ 100,000 ብር ትርፍ ቢቀርበት፣ እውነተኛው ወጪ 1,000,000 ብር ነው። የታደሰው 20 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 50,000 ብር ይደርሳል፤ ዐዲሱም 30 ዓመት ቢያገለግል ያው 50,000 ብር ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ርካሽ መስሎ የታየው ከውዱ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ግማሹን እያሳደሰ በግማሹ ቢነግድ፣ የሚቀርበት 200,000 ብር ብቻ ስለሚሆን፣ የዓመቱ ድርሻ ወደ 40,000 ብር ይወርዳል።

ስለዚህ ነጋዴው ሦስት ነገር አስቀድሞ ይመርምር። አንደኛ፣ መሠረቱና ግድግዳው ጤነኛ መሆኑን በባለሙያ ያስመርምር፤ መሠረቱ የተናጋ ቤት ቢታደስ ዕድሜው አጭር ስለሚሆን ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ደንበኛ የለመደው ቦታ ዋጋ እንዳለው ያስብ። ሦስተኛ፣ ሥራውን በክፍል በክፍል ከፍሎ ወቅቱን ይምረጥ፤ በእኛ አገር የመኸሩ ግዢ ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡም ሳይመጣ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ጣራ ለመክፈት ይመቻሉ።

ቀለም ቀብቶ አሮጌውን ዐዲስ ማስመሰል ማደስ አይባልም፤ ጤነኛውን ቤት በችኰላ ማፍረስም ብልኅነት አይደለም። ዋጋን ከመጠየቅ በፊት፣ ቤቱ የሚዘጋበትን ቀንና የሚያገለግልበትን ዓመት መቍጠር ይቀድማል።