ዝርያን በምን እንለያለን? ከቀይ ቀበሮ የምንማረው

እንስሳትን በየስማቸው መጥራት ከልጅነታችን የለመድነው ነገር ነው። ሁለት እንስሳት አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን ለመወሰን ግን መልክን ማየት ብቻ እንደማይበቃ በዚህ ትምህርታችን እንመለከታለን።

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ለእያንዳንዱ እንስሳ ጥንድ የላቲን ስም ሰጠ፤ የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። እርሱ በዋነኛነት የተመለከተው የአካልን ቅርጽ ነበር። ኤርንስት ማየር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ሌላ መለኪያ አቀረበ፤ ይኸውም በተፈጥሮ እርስ በርሳቸው የሚዋለዱና ከሌሎች በመራባት የተለዩ ፍጥረታት አንድ ዝርያ ናቸው የሚል ነው። ምሳሌው ከደጃችን አይርቅም፤ ፈረስና አህያ ቢዳቀሉ በቅሎ ትወለዳለች፤ በቅሎ ግን መካን በመሆኗ ሁለቱ ዝርያዎች እንደተለያዩ ይኖራሉ።

ታዲያ ይህ መለኪያ ለሁሉም ይበቃልን? አይበቃም። በመከፈል የሚባዙትን ባክቴሪያዎች፣ ዛሬ አጽማቸው ብቻ የቀረውንም የጥንት እንስሳት በዚህ መመዘን አይቻልም። የአገራችን ቀይ ቀበሮም ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1840 ከውሾችና ከተኩላዎች ወገን መድቦ በስሜን ተራሮች ስም ሰየመው። በአውሮፓውያን ዘንድ «የስሜን ቀበሮ» ሲባል ቢቆይም፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘረ መል ጥናት ከቀበሮ ይልቅ ለግራጫው ተኩላ የቀረበ ዘመድ መሆኑን አሳየ። በባሌ ከመንደር ውሾች ጋር መዳቀሉም ታውቋል፤ ከዚህ የሚወለዱት ደግሞ እንደ በቅሎ መካኖች አይደሉም።

እንግዲህ ቀይ ቀበሮና ውሻ አንድ ናቸው እንበልን? ሊቃውንቱ እንዲህ አይሉም። የዘር ሐረጋቸው መለየቱን፣ ቀይ ቀበሮ በደጋ ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖር መሆኑን፣ መዳቀሉም አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ መሆኑን አመዛዝነው ራሱን የቻለ ዝርያ ይሉታል።

ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 ያነሱ ናቸው። ከውሻ ጋር መዳቀሉ ቢበዛ የተለየ ማንነቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም መንጋውን በአጭር ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ በአካባቢው የሚኖር ሰው ውሻውን ማስከተቡና ከዱር መከልከሉ ለአንድ ዝርያ መትረፍ ትልቅ ድርሻ ነው።

እኛም ልጆችን ስናስተምር የእንስሳውን ስም ከማስጠናት አልፈን፣ «ከሌላው በምን ለያችሁት?» ብለን እንጠይቃቸው።