ሱፐርቻርጀር ያለው ሞተር ዘይት ሲያንጠባጥብ

ጥያቄ፦ የአንድ አንባቢ የ2005 ሚኒ ኩፐር ኤስ ከሞተሩ ሥር ዘይት ያንጠባጥባል። የካርተሩ ጓርኒሲዮን ቢቀየርም አላቆመም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ሞዴል ካርተሩ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። የክራንክሻፍቱን ዙር የሚከታተለው ሴንሰር ከካርተሩ በላይ፣ በሞተሩ ብሎክ ላይ ተተክሏል፤ ኦሪንጉ ሲደርቅ ዘይቱ ወርዶ በካርተሩ ጠርዝ ይሰበሰባል። አዋቂ መካኒክ መጀመሪያ ሞተሩን ያጥባል፣ ዘይቱ ውስጥ አብሪ ቀለም ጨምሮ መኪናውን ያስነዳል፣ ከዚያም በአልትራቫዮሌት መብራት ፍሳሹ የሚጀምርበትን ከፍተኛ ቦታ ይፈልጋል።

ኦሪንጉ ተቀይሮ ፍሳሹ ከተመለሰስ? ያኔ መጠየቅ ያለበት ዘይቱን የሚገፋው ምን እንደሆነ ነው።

በማንኛውም ሞተር ጥቂት ጋዝ የፒስተኑን ፋሻ አልፎ ወደ ክራንክሻፍቱ ክፍል ይገባል። ፒሲቪ የተባለው ቫልቭ ይህን ጋዝ ወደ ኢንቴክ ማኒፎልድ ይመልሰዋል። የሚኒው ኢቶን ኤም45 ሱፐርቻርጀር አየር ሲያምቅ ግን ማኒፎልዱ ግፊት ስለሚይዝ ቫልቩ መዘጋት አለበት። ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ የታመቀው አየር ወደ ታች ይመለስና ዘይቱን በየፓራኦሊዮው ገፍቶ ያስወጣዋል።

ምርመራው ቀላል ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ ጌጅ ይገጠማል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ጌጁ ጥቂት ቫኪዩም ማሳየት አለበት። ግፊት ካሳየ ቫልቩና ቱቦዎቹ ይፈተሹ። እነሱ ደህና ከሆኑ በየካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይሰጥ፤ አየሩ በዘይት መሙያው አፍ በብዛት ከወጣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል።

ርካሹ ቫልቭ ሳይፈተሽ ሞተሩ እንዳይወርድ።